ሳሎን ምን ቀለም ልቀባ? (ቱሉ ዲምቱ፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ)

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ስቱኮው (የግድግዳ ማለስለሻው) አልቋል፣ ኮርኒሱም ነጭ ተቀብቷል። የቀረው የግድግዳው ቀለም ነው። እሱ ላይ ግን ከባለቤቴ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነናል። እሱ ክሬም ይላል። እኔ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ግራጫ ዓይኔ ገብቷል። እናቴ ደግሞ «ነጭ አስቀቡና ተገላገሉ» ብላለች።

የቸገረኝ ይሄ ነው። ከሱቅ ካታሎግ ተውሼ ግራጫዋን ሳሎን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሳያት፣ ጠዋት አፈር አፈር ትላለች። ከሰዓት በጣም ታምራለች። ማታ መብራት ስናበራ ደግሞ የሆስፒታል ኮሪደር ሆና ቁጭ። አንድ ቀለም እንዴት ሦስት ይሆናል? በረንዳውም ትልቁ መስኮትም ወደ ምዕራብ ነው። ቀቢው «ወስኑና ደውሉልኝ» ብሎ እየጠበቀ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምትመርጡት?

የሰበታው፦
እናትሽን ስሚ። ነጭ።

ፉሪ ሰፈር፦
ነጭ ብሎ ነገር የለም እኮ ወንድሜ። የሱቁን ነጮች ጎን ለጎን ደርድራቸው እስቲ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ አለበት። ደግሞ ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ነጭ ሲመርጥ ይገርመኛል። በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። እኛ ቤት መጀመሪያ የጠቆረው የማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ነው። ከዚያ ሶፋው የሚደገፍበት፣ ከዚያ ልጆቹ ጫማ ሲያወልቁ እጃቸውን የሚያሳርፉበት። ሌላው ግድግዳ ንጹሕ ሆኖ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው የሚያሳጡህ።

የሰበታው፦
ይታጠባላ! የሚታጠብ ቀለም ግዛ።

ብሩሽና ሮለር፦
እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። ሥራዬ ቅብ ነው፤ ጀሞና ለቡ ብዙ ሠርቻለሁ፣ አሁን ኮዬ ፈጬ ነኝ። ከቀለሙ በፊት ስለ ግድግዳው ልጠይቅሽ። ልስኑ ከተለሰነ ምን ያህል ሆነው? የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል። ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ሳይደርቅ ሲቀባ እርጥበቱ ጨው ይዞ ይወጣል። ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ቀለሙን ይሰድባል። ቀለሙ ምን አጠፋ?

ማወቂያው ቀላል ነው። ፌስታል ቀደሽ ዘርጊውና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊው። አየር አያስገባ። በማግስቱ ስታነሺው በውስጥ በኩል ላብ ከያዘ፣ ወይም ግድግዳው እዚያ ቦታ ላይ ጠቆር ካለ፣ ቀቢውን ትንሽ ታገስ በይው። ይሄን ከሽንት ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ ሞክሪ። ችግር ካለ እዚያ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ሙከራው። በካታሎግ ቁራጭ ቀለም አይመረጥም፤ ትንሽ ነገር ሁልጊዜ የሚያታልል ነው። ስቱኮው ላይ በቀጥታ መቀባትም ጥሩ አይደለም። ያልታሸገ ስቱኮ፣ ማለትም ፕራይመር የሚባለው የማሸጊያ ቅብ ያልተቀባ፣ ቀለሙን ስለሚጠጣ የመጀመሪያው እጅ ይዥጎረጎራል፣ የቀለሙን እውነተኛ መልክም አታገኚም። ደግሞ የሙከራው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ካልተፋቀ፣ በላዩ ሌላ ቀለም ቢቀባም ማታ መብራት ከጎን ሲመታው ሰንበር ሆኖ ይታያል።

የጂፕሰም ቦርድ ወይም የቺፑድ ቁራጭ ፈልጊ። ኮርኒስ ከሚሠሩት ጋ አይጠፋም። እሱም ከጠፋ ወፍራም ነጭ ካርቶን። ስፋቱ ከግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አይነስ። ዙሪያውን ሦስት ጣት ያህል ነጭ ተዪለት፣ ዓይንሽ ማነጻጸሪያ እንዲያገኝ። መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም፣ በመሃል እያደረቅሽ። ቤቱ የሚቀባው በሮለር ከሆነ ሙከራውንም በሮለር ቅቢ፤ የብሩሽ መስመር ጥላ ስላለው ቀለሙን ያጠቁረዋል።

እርጥቡን አይተሽ ግን አትፍረጂ። ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ያለው ማጣበቂያ እርጥብ ሳለ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ይጠራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሲደርቅ ጠቆር ይላል። ስንቱ ደንበኛ ባልዲ ውስጥ አይቶ «ይሄ እኮ ነጣ» ብሎ ማቅለሚያ እንዲጨመርበት አዞኛል! በማግስቱ ምን እንደሚለኝ ገምቱት።

አርክ ተማሪ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ብርሃኑ ልጨምር።

ኢንተርኔት ላይ ያለው የቀለም ምክር አብዛኛው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ቤት የተጻፈ ነው። «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስላለው ሞቅ ያለ ቀለም ቅቡት» ይላል። እነሱ ጋ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች ያስኬዳል። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ታህሳስ ውስጥ ከአናት 32 ዲግሪ ገደማ ትርቃለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ሰኔ ላይ እንኳ 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከላያችን ናት ማለት ይቻላል። በረንዳ ወይም ክፈፍ ያለበት መስኮት አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ስለዚህ እዚህ አገር ዋናው ጥያቄ ሰሜን ነው ወይስ ደቡብ የሚለው አይደለም። ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ የሚለው ነው። ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ የምትገባው በእነዚህ ነው። ያንቺ ሳሎን ከ9 ሰዓት በኋላ ወርቃማ ብርሃን ያገኛል። ግራጫሽ ያን ጊዜ የምታምረው ለዚህ ነው።

የጠዋቱ አፈር ግን ገርሞኛል። በጥላ ያለ ክፍል የሰማይ ብርሃን ስለሚያገኝ ወደ ሰማያዊ ነበር መሄድ ያለበት። ከፊት ለፊትሽ ምን አለ?

አዲስ ገቢ፦
ሌላ ብሎክ። ጡብ የመሰለ ቀይ ቀለም ነው የተቀባው። በጣም ቅርብ ነው፣ የሰዎቹን መጋረጃ አበባ እቆጥራለሁ።

አርክ ተማሪ፦
ተገኘ። ወደ አንቺ የሚያየው የእነሱ ግድግዳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ትመታዋለች፣ እሱ ደግሞ ቀዩን ብርሃን መልሶ ወደ ሳሎንሽ ይልከዋል። አረንጓዴ ያለበት ግራጫ ላይ ቀይ ብርሃን ሲያርፍ ሁለቱ ይጠፋፉና አፈር የሚመስል ነገር ይቀራል። የቆርቆሮ አጥር አረንጓዴ ያስቀቡ ሰዎችም ምድር ቤት ያለ ክፍላቸው ለምን እንደሚገረጣ አይገባቸውም፤ ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው።

አምፖል፦
የማታው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው 😄 የአምፖሉን ካርቶን አንብቢ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ወይም «ዴይላይት» የሚል ካለበት፣ ሰማያዊ ያዘለ ነጭ ነው። ሱቅ ሄደሽ ዝም ብለሽ «ኤልኢዲ ስጠኝ» ካልሽ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ይሄንን ነው። 3000 ኬልቪን ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ጥሩ። 4000 መሃል ላይ ነው፣ ኩሽና ውስጥ እወደዋለሁ። «ሲአርአይ» ወይም «አርኤ» የሚል ቁጥርም ይኖራል። 80 የተለመደው ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ ካገኘሽ ቀለሞች እውነተኛ መልካቸውን ይይዛሉ።

ምክሬ፦ ቀለም ከመምረጥሽ በፊት አምፖሉን ወስኚ። ዋጋው ከአንድ ጋሎን ቀለም ጋር አይወዳደርም። ስንት ሰው ግድግዳ ቀይሮ አምፖሉን ሳይቀይር ይናደዳል።

የሰበታው፦
ለአንድ ግድግዳ ይሄ ሁሉ? አባቶቻችን ኖራ ለቅልቀው ኖረዋል።

ወይዘሮ ግራጫ፦
ጋሼ የሰበታው፣ ኖራውም ቢሆን ያምር ነበር፤ ሰማያዊ ዱቄት ጠብ ያደርጉበት የነበረው ለምን ሆነና? ቢጫነቱን ለመስበር እኮ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ስሜን አይተሽ እንደምትገምቺው የግራጫ ወዳጅ ነኝ፤ ካራ ነው ቤቴ። ግራጫን ብቻውን አትይው። ብቻውን ሲታይ ሁሉም ግራጫ ነው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊውና ሌሎች ግራጫዎችን ጎኑ አስቀምጪ። ያኔ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ግድግዳሽ ላይ ገኖ የሚወጣው ያ የተደበቀው ነው።

ሌላ ነገር። የቀባሽውን የሙከራ ሰሌዳ ግድግዳው መሃል ብቻ አታቁሚው። ሁለት ሰሌዳ ካለሽ ጥግ ላይ ፊት ለፊት አድርጊያቸው። ቀለም ጥግ ላይ እርስ በርሱ ስለሚንጸባረቅ ይጠነክራል። አራት ግድግዳ ሲሆን ደግሞ አስቢው። ለዚህ ነው ካታሎጉ ላይ ከወደድሽው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን የምመክርሽ። ከዚያ ከሶፋው ኋላ፣ ከመጋረጃው ጎን፣ ከወለሉ አጠገብ አዙሪው። ወለልሽ ቡናማ ሴራሚክ ከሆነ የግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ ይታይብሻል። መጋረጃውንም ዝጊና እይ። ቅርብ ጎረቤት ካለሽ መቼም መጋረጃ ዘግተሽ ነው የምትኖሪው።

ፉሪ ሰፈር፦
እኔ ያልገባኝ ናሙናው ከየት ነው የሚገዛው? እኔ የሄድኩበት ሱቅ «ጋሎን ካልሆነ አልበጠብጥም» አለኝ። አምስት ቀለም ለመሞከር አምስት ጋሎን ልግዛ?

ብሩሽና ሮለር፦
አምስት አትሞክር፣ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ሦስቱን እንኳን መጀመሪያ በካታሎግ አጣራቸው። ማደባለቂያ ማሽን ካላቸው ሱቆች አንድ ሊትር የሚበጠብጡ አሉ፤ ጠይቅ። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛትም አለ፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያስቀባው። የተረፈው ቁምሳጥን ውስጥ ወይም ዕቃ ቤት ይቀባል።

ቀቢ በእጁ ጠብታ እየጨመረ የሚሠራልህ ናሙናም አለ። እኔም እሠራለሁ። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ በዓይን የተበጠበጠ ቀለም ሁለተኛ አይደገምም። ናሙናው በእጅ ከሆነ ስንት ነጭ ላይ ስንት ማቅለሚያ እንደገባ ይጻፍ። ለቤቱ የሚሆነው ደግሞ በአንድ ትልቅ ባልዲ በአንድ ጊዜ ይበጥበጥ። በማሽንም ቢሆን የጋሎኖቹን የምርት ቁጥር አመሳስላችሁ ግዙ፣ ካልተመሳሰለ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቁ። ግድግዳ መሃል ላይ ቀለም ማለቅ የሚባለውን ጣጣ የቀመሰ ያውቀዋል።

አዲስ ገቢ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እውነት ለመናገር ይህን ያህል አልጠበቅኩም። አምፖሉ 6500 ነው! ሌላ ገዝተን እንመለሳለን። አንድ ጥያቄ፦ ሳሎኑ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው። ስንት ሊትር ይፈጃል? አንጸባራቂ ይሁን ወይስ ያልሆነ?

ብሩሽና ሮለር፦
ዙሪያው 15 ሜትር ነው። ቁመቱን 2.6 ብለን ብንይዝ 39 ካሬ። በርና መስኮት ሲቀነስ 35 ገደማ። ሁለት እጅ ሲሆን 70 ካሬ። ደህና ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳና የታሸገ ግድግዳ ላይ በሊትር 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ 7 ሊትር፤ ለመጠባበቂያ 8 በይ። ቀቢሽ ከዚህ በጣም ያነሰ ከጠየቀ ውሃ ሊያበዛበት ነው። በጣም የበዛ ከጠየቀ ደግሞ... አልናገርም፣ የሙያ ባልደረባ ነው።

ስለ አንጸባራቂው፦ ስቱኮው እንደ መስታወት ካልለሰለሰ አንጸባራቂ አትቀቢ። የምዕራብ ፀሐይ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱን ጎድጓዳና የስፓቱላ መስመር ያወጣዋል። ማት (የማያንጸባርቀው) ይሸፍናል፣ ግን ሲታሸት ይጎዳል። ልጆች ካሉሽ መሃል ላይ ያለውን፣ ትንሽ ብቻ የሚያበራውን ውሰጂ። ሰሌዳውንም በዚያው ዓይነት ቅቢ። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ማቱና አንጸባራቂው ግድግዳ ላይ አንድ አይመስሉም።

ለገጣፎ እናት፦
ልጆች ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ቤት ገዝታችሁ ወይም ያገለገለ በር አምጥታችሁ ከሆነ የቆየውን ሲንተቲክ (የዘይት) ቀለም በደረቁ አታስፍቁ። ድሮ በዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫና በቀይ፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ይገባ ነበር። አሁን በአገራችን ሕግ ጣሪያው 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ነው። የቆየው ላይ ያለውን ግን ማንም አያውቅም። አርጥባችሁ አስፍቁ፣ ልጆቹን አርቁ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። ሊድ የልጅን አእምሮ ነው የሚጎዳው፣ ትንሹም ቢሆን።

ፉሪ ሰፈር፦
ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ እናቴ።

የሰበታው፦
እሺ እኔም ልጠይቅ፣ ሳቁብኝ። ኮሪደራችን መስኮት የለውም። ነጭ ነው፣ ግን ጨለማ ነው። አርክ ተማሪ ምን ይላል?

አርክ ተማሪ፦
ማን ይስቃል ጋሼ! ቀለም የደረሰውን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ብርሃን አይፈጥርም። ቀለሞች ብርሃን የመመለስ ልኬት አላቸው፤ 0 ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ። የኮርኒስ ነጭ ከ80 በላይ ነው። የእርስዎ ኮሪደር ግን የሚመለስ ብርሃን ራሱ ስለሌለው ነጩ የደከመ ግራጫ ይሆናል። ሁለት ምርጫ አለ። ወይ መብራቱን ከኮርኒሱ መሃል አንስተው ግድግዳውን እንዲያበራ ያድርጉት። ወይ ጨለማነቱን ተቀብለው ደፈር ያለ ቀለም ይቀቡት፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የበሰለ ሸክላ። ከኮሪደሩ ወደ ሳሎን ሲወጡ ሳሎኑ ይሰፋል።

የሰበታው፦
ሸክላ... ባለቤቴን ላማክር።

ወይዘሮ ግራጫ፦
ጉድ በል ሰበታ!

አዲስ ገቢ፦
ተመልሻለሁ። መጀመሪያ አምፖሉን ወደ 3000 ቀየርን። ከዚያ ሦስት የጂፕሰም ቁራጭ ላይ ቀባን፦ የእኔ ግራጫ፣ የባለቤቴ ክሬም፣ ሦስተኛው ከሱቁ ልጅ ምርጫ፣ በግራጫና በቢጅ መሃል ያለ ፈዛዛ ነገር።

የእኔዋ በአዲሱ አምፖል ማታ ዳነች። ጠዋት ግን ያው አፈር ናት፤ የጎረቤትን ግድግዳ ምን ላድርገው። ክሬሙ ጠዋት ደስ ይል ነበር። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትገባበት ግን ቅልጥ ያለ ቢጫ ሆነ። ባለቤቴ ራሱ አይቶ ዝም አለ። ሦስተኛውን ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ነበር። ጠዋት ትንሽ ሞቅ ይላል፣ ከሰዓት ይፈካል፣ ማታ ከሶፋው ጋር ይስማማል። መብራት ጠፍቶ በሻማም አየነው፤ አልከፋም። ጥግ ላይ ሲሆን ትንሽ ስለጠነከረብን አንድ ደረጃ የፈዘዘውን ልንወስድ ነው። የፌስታሉንም ሞከርኩ። ሳሎኑ ደረቅ ነው፣ የሽንት ቤቱ አዋሳኝ ግን ላብ ይዟል።

ብሩሽና ሮለር፦
ጥሩ አድርገሻል። ያን ግድግዳ ለጊዜው ተዪው፣ ሌላውን አስቀቢ። ላቡ የልስን እርጥበት ከሆነ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ካልቀነሰ ግን ቧንቧ ነው፣ ከቀቢ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ። ለዚያ ግድግዳ የሚሆነውን ቀለም ከዚሁ ከአሁኑ ባልዲ አስቀሪ፤ ኋላ ብትገዢ ላይመሳሰል ይችላል። ክዳኑን በደንብ ዝጊ፣ ቀለሙ በውስጡ ሰፊ ባዶ ቦታ እንዳይኖረው በትንሽ ዕቃ አድርጊው፣ ላዩ ላይ የቀለሙን ቁጥርና የምርት ቁጥሩን ጻፊበት። ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ግን አታስቀምጪው።

አዲስ ገቢ፦
እሺ። ቀቢውን ዛሬ እደውልለታለሁ። መኝታ ቤቶቹ ወደ ምሥራቅ ናቸው፣ ለእነሱ ሰሌዳዎቹን አዙሬ ሌላ ውይይት እከፍታለሁ።